የዕድር ጥሪ ለሁሉ እንዲደርስ
ለመካኒሳ ዕድርተኞች የቀረበ ማሳሰቢያ



ዕድር ማለት ሰው በኀዘኑ ቀን ብቻውን እንዳይቀር ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋራ የተሳሰረበት ማኅበር መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይሆናል። ይህ ማኅበር በአዲስ አበባ ከተማ በብዙ የተስፋፋው በጠላት ወረራ ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜና ከዚያም ወዲህ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከየአገሩ መጥቶ በከተማ የተሰበሰበው ሰው ወንድሙና የአጎቱ ልጅ በሩቅ ስለ ቀሩበት፣ የሚቀብረውን ወገን በጎረቤቱ አገኘ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ትርፍ ለመካፈል ሳይሆን ለሌላ ዓላማ ስለሚቆሙ ማኅበራት ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶ ደነገገ።

ዛሬ ግን ልናሳስብ የወደድነው ስለ ዕድር ጥሪ ነው። ከዕድርተኛው ቤት ሰው የሞተ እንደ ሆነ ለፋፊው ገና ጎሕ ሲቀድ ጡሩምባውን እየነፋ በየመንደሩ ይዞራል፤ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይናገራል። የሰማው ሁሉ ሥራውን ትቶ ይወጣል፤ ድንኳን የሚተክለው ይተክላል፤ ውኃ የሚቀዳው ይቀዳል፤ ንፍሮ የሚቀቅለውም ይቀቅላል። ያልወጣው ደግሞ በደንቡ መሠረት መቀጫ ይከፍላል። ይህ ሥርዓት ለሚሰማ ጆሮ መልካም ነው።

ነገር ግን በመካኒሳ ሰፈር በ1950ዎቹ ዓመታት በሚሲዮናውያን የተቋቋመ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት መኖሩ የታወቀ ነው። በዚህ ትምህርት ቤት ብዙ ልጆች በምልክት ቋንቋ ተምረዋል። በእጅ በሚነገረው ፊደላችን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ ሲኖረው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። እንግዲህ መስማት የተሳነው ሰው አድጎ፣ ትዳር ይዞ፣ ዕድር በገባ ጊዜ መዋጮውን እንደ ማንኛውም ሰው ይከፍላል፤ ጡሩምባው ግን ሰባት ጊዜ ቢነፋ ለእርሱ ዝም እንዳለ ነው።

በችሎት ሥርዓት ተከሳሽ ሳይቀርብ በቀረ ጊዜ ዳኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው «መጥሪያው ደርሶታልን?» ብሎ ነው። መጥሪያ ያልደረሰውን ሰው ቀርቷል ብሎ መፍረድ አግባብ አይደለም። የዕድር ዳኞችም ይህንኑ ሊያስተውሉ ይገባል፤ ጥሪው ሳይደርሰው የቀረውን ሰው መቅጣት ጆሮውን መቅጣት ነውና። ይልቁንም ከመቀጫው ገንዘብ የሚከብደው ሐሜቱ ነው፤ «እገሌ እኮ ለቅሶ አይደርስም» የተባለ ሰው በሠፈሩ እንደ ባዕድ ይቈጠራል።

ከዚህም የሚብስ የመርዶ ነገር አለ። በአገራችን ልማድ መርዶ የሚነገረው ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ከቤተ ሰቡ የሚሰማ ትንሽ ልጅ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ሽማግሌዎቹ ወደ ልጁ ዞረው «ለአባትህ ንገረው» ይሉታል። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ የአያቱን ሞት ራሱ ገና ሳያለቅስ በገዛ እጁ ለአባቱ ያረዳል። ይህ ለሕፃን ትከሻ የማይገባ ሸክም ነው።

ስለዚህ የዕድር ሹማምንት በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ እነዚህን ነገሮች መክረው በደንባቸው ቢያገቡ መልካም ነው እንላለን።

1ኛ/ ጸሐፊው መስማት የተሳናቸውን አባሎች ስምና ቤት በመዝገብ ለይቶ ይያዝ።

2ኛ/ ለእያንዳንዳቸው አንድ የቅርብ ጎረቤት ይመደብ፤ ጡሩምባ በተነፋ ጊዜ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ የያዘ ወረቀት ይዞ ይድረስላቸው፣ ወይም በእጅ ስልክ ጽፎ ይላክላቸው፤ መልሳቸውንም ይቀበል። በእነርሱም ቤት በሌሊት ሞት የደረሰ እንደ ሆነ የሚቀሰቅሱት ይኸው ጎረቤት ይሁን።

3ኛ/ ጥሪው መድረሱ ሳይረጋገጥ በማንም ላይ የመቅረት መቀጫ አይቈረጥ።

4ኛ/ በስብሰባ ቀን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይገኝ፤ የተወሰነውም ነገር በጽሑፍ ይሰጣቸው።

5ኛ/ መርዶ በልጅ አይነገር። ከሽማግሌዎቹ ጋራ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ጐልማሳ ይሂድ።

ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ድንኳን ዋጋ አይበልጥም፤ የሚበዛው ትጋት ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይሁን እንጂ ሕግ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ቤት አይሄድም፤ የሚሄደው ሰው ነው። እናንተም ክቡራን አንባቢዎች፣ በመሥሪያ ቤታችሁ የምትመሩ፣ በሠፈራችሁም የምትከበሩ ስለ ሆናችሁ፣ በየዕድራችሁ ይህን አንሥታችሁ ብትናገሩ ቃላችሁ ይሰማል።

በቀድሞ ዘመን ዐዋጅ ሲነገር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። ይህ ቃል ለመካኒሳ ዕድርተኞች ዛሬም የሚሠራ ደንብ ነው።