የስደተኛው ክብር የደብሩም ጉዳይ ነው

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ በጎጃም አድባራት ካህናቱ ቅዳሜ ማታ ለማሕሌት ገብተው እሑድ ጠዋት ይወጣሉ። የሚቆመው ማሕሌተ ጽጌ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን መከራ ያስባል። በእነዚሁ ሳምንታት የደምበጫና የአካባቢዋ ወጣቶች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ሲወርዱ ኖረዋል። ሌሎች፣ በተለይም ወጣት ሴቶች፣ ወደ ዓረብ አገር የሚያሻግር ደላላ ፍለጋ አዲስ አበባ ይገባሉ። ማሕሌቱም ጉዞውም በአንድ አጥቢያ ቢሆኑም እምብዛም አይገናኙም። የዝግጅት ክፍላችን ሊገናኙ ይገባል ብሎ ያምናል። በየደብሩ ለስደተኛው ጸሎት አልጎደለም፤ የጎደለው ጥብቅና ነው።

ከቆላው እንጀምር። አጫጁ በዳስ ወይም በሜዳ ያድራል። ሌሊት የአሸዋ ዝንብ ትነድፈውና ካላዛር ይዞት ወደ ደጋ ይመለሳል። ትኩሳት ይጸናበታል፣ ይከሳል፣ ሆዱ ይነፋል። በሽታው በደጋው ብዙም ስለማይታወቅ ወባ ነው ተብሎ ጊዜ ይባክናል። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን ይድናል። ብዙ ሕመምተኛ ቀድሞ ወደ ጠበል ይሄዳል። አጥማቂው ካህን “ልጄ፣ ቆላ ወርደህ ነበር ወይ?” ብለው ጠይቀው ከጠበሉ ጎን ወደ ሆስፒታል ቢልኩት ነፍስ ያተርፋሉ። ደመወዙን የተከለከለ አጫጅም በማያውቀው አገር አቤት የሚልለት ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ቢያንስ የቆላው አጥቢያ ሊያደርገው ይችላል።

የዓረብ አገሩ መንገድ ደግሞ የባሰ ነው። ቤተሰብ በሬ ሸጦ ወይም አራጣ ተበድሮ ለደላላ ይከፍላል። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ግን በሕጋዊ መንገድ ለሚሄድ ሠራተኛ የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ደንግጓል። ይህን ከዐውደ ምሕረት የሰማ ምእመን ስንት ነው? ይህን ሳያውቁ በሕገወጥ መንገድ መሄድ የሚያመጣውን ጣጣ ደግሞ አይተነዋል። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ አረቢያ ተባርረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል።

“ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንን ምን አገባት?” የሚል አይጠፋም። ሕግ ማስከበርና ሥራ መፍጠር በእርግጥም የመንግሥት ግዴታ ነው። ሆኖም የገጠር ወጣት ከመሄዱ በፊት የሚሰናበተው የንስሐ አባቱን እንጂ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትን አይደለም። ሥራውም ለአብያተ ክርስቲያናት እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ስደተኞችንና ከስደት ተመላሾችን የሚያገለግል ክፍል አለው። በሊባኖስ የካቶሊክ ተቋም የሆነው ካሪታስ ከአሠሪዎቻቸው ቤት ላመለጡ የቤት ሠራተኞች መጠለያና የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ኤርትራዊው የካቶሊክ ካህን አባ ሙሴ ዘርዓይ ደግሞ የስልክ ቁጥራቸው በሊቢያ እስር ቤት ግድግዳ ላይ እስከመጻፍ ደርሷል። በባሕር ላይ የቀሩ ስደተኞች ሲደውሉላቸው ለነፍስ አድን ሠራተኞች ያሳውቁ ነበር።

ጥብቅናው ለራሳችን ልጆች ብቻ ከሆነ ግን ጎዶሎ ነው። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በክልላችን በአማራ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩ ስደተኞች በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጥቃትና ዝርፊያ አስመርሯቸው ከመጠለያው ወጥተው በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ አድረዋል። ወገኖቻችን በሰው አገር ይከበሩ ስንል ደጃችን የመጣው እንግዳ መብት ሲጣስ ዝም ማለት አንችልም፤ ሃይማኖቱም ሆነ ዜግነቱ ሳይጠየቅ።

ስለዚህ የወረዳችን ቤተ ክህነት ከጤና ጽሕፈት ቤቱና ከሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተቀምጦ እንዲመክር እንጠይቃለን። ሰንበት ትምህርት ቤቶች የሚሄደውን ወጣት ስም፣ የኤጀንሲውንና የመድረሻውን አድራሻ፣ የቤተሰቡን ስልክ ይመዝግቡ፤ ድምፁ ሲጠፋ የት እንደሚፈለግ ይታወቃል። ማኅበራትና እድሮች ባዶ እጁን በተመለሰው ላይ ከመሳለቅ ይልቅ መቋቋሚያ ያሰባስቡለት። መካነ ኢየሱስን፣ ካቶሊክንና ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትን፣ መስጊዶችንም ጨምሮ ሥራው በጋራ ቢያዝ ይበልጥ ይሰምራል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ደላላ የሚጠይቀው ገንዘብ ሕጋዊ አለመሆኑን፣ ካላዛርም መድኃኒት እንዳለው ለምእመናን መንገር ግን በጀትም ደብዳቤም አያሻውም፤ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊጀመር ይችላል።