ፊውዝ የሚጠብቀው ማንን ነው?

ከደሴ ተነስቶ በውጫሌ በኩል ወደ ወልድያ የሚያመራ አሮጌ ሚኒባስ ተጨማሪ ፓውዛና ራዲዮ ቢገጠምለት አንቃወምም፤ የምንቃወመው ያለ ስሌት የሚቀጠለውን ሽቦ ነው።

ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖሎች ከ12 ቮልት ባትሪ 10 አምፔር ይስባሉ። በአንድ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት እጥፍ ሲሆን፣ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ለአነስተኛ ጭነት የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ልባሱ ቀልጦ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ከባትሪው አጠገብ መገጠም የሚገባውም ስለዚህ ነው። የተቃጠለውን ፊውዝ በተራ ሽቦ መተካት የተሳፋሪዎችን ሕይወት ለዕድል መተው ነው።

ውድ ተማሪዎች! ስሌቱ ዋትን ለቮልት ማካፈል ብቻ ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ከምናስቀረው ለአካባቢያችን አሽከርካሪዎች ብናደርሰው፣ ያን ጊዜ ትምህርታችን ፍሬ አፈራ እንላለን።