ለአዋሽ ሸለቆ ቤተ መጻሕፍት፦ ግመሉ ይቅደም ወይስ ቤቱ?

ከአዋሽ አርባ እስከ ሰመራ ባሉ ከተሞች ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ቢገኝ በምን ላይ ይዋል? አንድ የበጀት ባለሙያና አንዲት መምህርት ይሟገታሉ።

የበጀት ባለሙያው፦ ግመሉ ይቅደም

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአፋር ክልል ሕዝብ 1,390,273 ነበር። በከተማ የሚኖረው 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ከተሞቹ ከዚያ ወዲህ አድገዋል፤ አብዛኛው ሕዝብ ግን ዛሬም ውሃና ግጦሽ ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። የክልሉን ገንዘብ በአንድ ከተማ አዳራሽ ላይ ማፍሰስ ለጥቂቱ ጌጥ ሠርቶ ብዙኃኑን መተው ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ የታየ ነው። የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጋሪሳ መጻሕፍትን በግመል ወደ አርብቶ አደሩ ሰፈር ወስዷል። በራሳችን ሶማሌ ክልል ደግሞ ኮቪድ ትምህርት ቤት ባዘጋበት በ2012 ዓ.ም. የሴቭ ዘ ችልድረን 21 ግመሎች በ33 መንደሮች ከ22,000 በላይ ሕፃናት ዘንድ ደርሰዋል። አንዱ ግመል እስከ 200 የተረት መጻሕፍት በእንጨት ሣጥን ይሸከም ነበር። በሐዋሳም የዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ድርጅት ኢትዮጵያ ሪድስ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ አዙሯል።

የበጀቱን አሠራር የሚያውቅ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። ሕንፃ የሚሠራው በካፒታል በጀት ነው። ከምረቃው በኋላ ያለው ወጪ፣ መጽሐፉ፣ መብራቱ፣ ጥገናው፣ ከወረዳው መደበኛ በጀት ይጠበቃል፤ መደበኛው ደግሞ ደመወዝ ከፍሎ ያልቃል። በሰኔ ወር የተረፈ ካለ ተመላሽ ይሆናል። ባዶ መደርደሪያ የሚቆመው እንዲህ ነው። የግመል ኪራይና የተረት መጽሐፍ ግን በትንሽ ገንዘብ ተጀምሮ በየዓመቱ ሊሰፋ ይችላል። የአፋር ሰው ዳጉውን፣ ማለትም መንገድ ላይ ሲገናኝ የሚለዋወጠውን ወሬ፣ በእግሩ ሲያደርስ ኖሯል፤ መጽሐፉም ይጓዝ።

መምህርቷ፦ ቤቱ ይቅደም

«ለጥቂቱ ጌጥ» የሚለውን ቃል ሳነብ ደሜ ፈላ። ጥቂቱ ማነው? አዋሽ አርባ ውስጥ ከማስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት አርብቶ አደር ልጆች ናቸው። አባት መንጋውን ሲያጣ ቤተሰቡ ወደ መንገዱ ዳር ወርዷል። እነዚህን ልጆች «የከተማ ሰው» ብሎ ከሒሳቡ ማውጣት ለአርብቶ አደር መቆርቆር ሊባል አይችልም።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። እናቷ ወደ ጅቡቲ ለሚወጡና ለሚወርዱ የከባድ መኪና ሹፌሮች ሻይ ትሸጣለች። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ሲመሽ እንግዳም ታናናሽ ወንድሞችም እዚያው ናቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቀርብ ልጅቷ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ አምፖል ሥር ቆማ ታጠና ጀመር። አላፊ አግዳሚው ይለክፋት ነበር፣ ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋባት ነበር። አንድ ማታ መጥታ «መምህርት፣ ከዚህ በኋላ አልወጣም» አለችኝ። ምን ልመልስላት ነበር? ለዚህች ልጅ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ግመል ምን ያደርግላታል? ተረት አላጣችም። ያጣችው ወንበር፣ ብርሃንና የሚዘጋ በር ነው።

አዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ የወጣበትን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ስታስመርቅ «ለጥቂቱ ነው» ብሎ የተቃወመ አልሰማሁም። እኛ ስንጠይቅ ነው ስሌቱ የሚወጣው። ቆላ ስለምንኖር ሣጥን በግመል ይበቃናል ማለት የአፋርን ልጅ አሳንሶ ማየት ነው።

ዳጉን ለሚጠቅሱት ወንድሜም አንድ ቃል፦ ዳጉ የሚቀባበሉ ሰዎች ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ተደማምጠው ነው የሚለያዩት።

የበጀት ባለሙያው መልስ

መምህርት ሆይ፣ የአፋርን ልጅ አሳንሰው ያያሉ መባሌን አልቀበልም። ዕድሜዬን ሙሉ ከበጀት ሠንጠረዥ ጋር የምታገለው በስም ያልተጻፈው ሕፃን ድርሻውን እንዲያገኝ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845,099 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ናቸው፤ 3.2 በመቶ። በ1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላለፈም። ይህ ውድቀት በ12ኛ ክፍል አልጀመረም። በዓለም ባንክ ግምት በኢትዮጵያ 10 ዓመት ከሞላቸው ሕፃናት ከ10ሩ 9ኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። ማንበብን የሚያስለምደው በልጅነት እጅ ላይ የደረሰ መጽሐፍ ነው።

ሕንፃውም የራሱ ስጋት አለበት፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጡ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ፣ ስንቱን ሰው እንዳፈናቀለ አብረን አይተናል። በዚህ ስምጥ ሸለቆ ላይ የሕዝብን ገንዘብ በሲሚንቶ መቅበር አደጋ ነው። ግመል አይሰነጠቅም።

የመምህርቷ መልስ

መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እኛ እዚሁ ነበርን። ከዚያ በኋላ ክሊኒክ አይሠራ፣ ባንክ አይከፈት ያለ የለም። አስፋልቱ ሲሰነጠቅ ተጠግኗል፣ መኪናው ዛሬም ያልፋል። ለጭነት መንገድ የሚጠገንበት ምድር ለልጅ ክፍል አይታመንም ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ቆርቆሮ ጣሪያና ቀላል ግድግዳ ያለው ክፍል ይበቃናል። እብነ በረድ የጠየቀ የለም።

በሚመጣው ሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት የምጠይቀው ይኸው ነው፦ አንድ ክፍል፣ የጣሪያ ማራገቢያ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያበራ ሶላር፣ የአፋርኛና የአማርኛ መጻሕፍት፣ በደመወዝ የተቀጠረች ሴት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ለሴት ልጆች ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የተጠበቀ ቦታ። ቅዳሜ ሽማግሌዎች ተረት ይንገሩበት፣ እናቶች ፊደል ይቁጠሩበት። ቁጥር የሚወዱት ወንድሜ በዓመቱ መጨረሻ መጥተው የገቡትን ሴት ልጆች ይቁጠሩ፤ በሩን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ።