የሚያናግረን ማነው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በአውቶቡስ ስንጓዝ፣ እንፍራንዝ አካባቢ የሾፌሩ ራዲዮ መንጫጫት ይጀምራል። የለመድነው ድምፅ ይርቅና ሌላ ይተካበታል። ዜና ይነግረናል፣ ዘፈን ይጋብዘናል፤ ማን እንደ ሆነና ከየት እንደሚናገር ግን ብዙ ጊዜ ሳንሰማ እንወርዳለን። በአገራችን የመሸበት እንግዳ እንኳ «ቤቶች!» ሲል «ማነህ? ከየት ነህ?» ሳይባል አይገባም።

ነገሩ የዓለም ሕግ ያለው ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለየአገሩ የመጥሪያ ፊደል አከፋፍሏል። ለእኛ ከደረሱን አንዱ «ኢ-ቲ» ነው፤ በአውሮፕላኖቻችን አካል ላይ የሚጻፈውም ይኸው ነው። ቀጥሎ ያለውን ፊደል የሚሰጠው የየአገሩ መንግሥት ነው። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ «ኢ-ቲ-ኤል-ኤፍ» ይባል ነበር። የፊተኞቹ ፊደሎች አገሩን፣ የኋለኞቹ ባለቤቱን የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንን ያስታውሳሉ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ሆነ። አንቴናው ያው፣ ጌታው ሌላ!

ዛሬ የኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችን የሚጠሩት በስምና በቁጥር ነው፤ «ሸገር 102.1»፣ «ፋና 98.1» እንደምንለው። ሕጉ ይህን አይከለክልም። ነገር ግን ቁጥር አገር የለውም፤ የኤፍ ኤም ሞገድ ሩቅ ስለማይሄድ፣ ሁለት የተራራቁ ከተሞች አንድ ቁጥር ሊሰጣቸው ይችላል።

አንዳንድ ባልንጀሮቻችን «ስልክ እያለ ይህ ምን ያስጨንቃል?» ይሉናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለብዙ ሰው የቀረው ራዲዮ እንደ ነበር ረስተውታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «በራዲዮ ተነገረ» የተባለ ወሬ ገበያ ይበትናል፣ መንገድ ያዘጋል። በየትኛው ራዲዮ? ከየት ከተማ? መላሽ የለም።

ስለዚህ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ለጣቢያዎች ፈቃድ ሲሰጥ፣ በየሰዓቱ መጀመሪያ ስማቸውን፣ የሚናገሩበትን ከተማና ባለቤታቸውን እንዲያሰሙ ያስገድድልን እንላለን። አሜሪካኖች የመጥሪያ ፊደሉንና ከተማውን በየሰዓቱ ያስነግራሉ፤ ፊደሉም ራሱ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምሥራቅ በአብዛኛው በደብልዩ፣ በስተ ምዕራብ በኬ ይጀምራል። ጊዜ ይሻማል የሚል ቢኖር፣ ይህን ሁሉ ለመናገር አሥር ሴኮንድ ይበቃል፤ ለሳሙና ማስታወቂያ ከዚያ የበለጠ ሲሰጥ በየቀኑ እንሰማለን።