ከቴስላው በፊት ጥያቄው ይቅደም



በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ «ዶክተር፣ ኤም አር አይ የት ልነሳ? 1.5 ቴስላ ይሻላል ወይስ 3 ቴስላ?» የሚል ነው። ይገባኛል። ብዙ ብር፣ አንዳንዴም የብድር ብር ከፍሎ የሚነሳ ሰው የተሻለውን ቢፈልግ አይፈረድበትም። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ ባይ ነኝ፦ «ይሄ ምርመራ የትኛውን ጥያቄ ለመመለስ ነው የታዘዘልኝ?»

ቴስላ የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ ነው። ማግኔቱ ሲጠነክር ከሰውነታችን የሚገኘው ሲግናል ይጨምራል፣ ምስሉም የመጥራት ዕድሉ ይሰፋል። ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን ኤም አር አይ እንደ ስልካችን ካሜራ አንዴ ቀጭ ተደርጎ የሚያልቅ አይደለም። ያው አንድ ማሽን በተለያየ አነሳስ የተለያየ ነገር ያሳያል። ለምሳሌ ዲፊውዥን የሚባለው አነሳስ ገና የጀመረ ስትሮክን በማሳየት ይታወቃል። የትኛው አነሳስ እንደሚመረጥ የሚወስነው ደግሞ ማዘዣው ላይ የተጻፈው ነው።

የሚጥል በሽታን እንውሰድ። የበሽታው መነሻ አንዳንዴ አንጎል ውስጥ ያለች በጣም ትንሽ ጠባሳ ናት። ማዘዣው ላይ «የጭንቅላት ኤም አር አይ» ብቻ ተጽፎ ከሄደ፣ በተለመደው ወፍራም ቁራጭ ሲነሳ ጠባሳዋ ልታመልጥ ትችላለች። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ ባለሙያዎች ሃርነስ የሚባል የአነሳስ መመሪያ ያወጡት፤ ዋናው ነገሩ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ስስ ቁራጭ ማንሳት ነው። መነሻዋ ጠባሳ ከተገኘች፣ መድኃኒት እምቢ ላለው ታካሚ የቀዶ ሕክምና በር ሊከፈት ይችላል። «ኖርማል ነው» ከተባለ ግን በሩ ሊዘጋ ይችላል።

ጥያቄ የሌለው ምርመራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ወገቤን አመመኝ ብሎ በሳምንቱ ኤም አር አይ የሚነሳ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ምንም የጀርባ ሕመም የሌላቸውን 3,110 ሰዎች ምስል አይቶ ነበር። የዲስክ ማርጀት በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት ደግሞ 96 በመቶ ላይ ይታያል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ «ዲስክ» የሚል ቃል ስላያችሁ ብቻ አትደንግጡ፤ የሕመማችሁ መነሻ እሱ ላይሆን ይችላል። እግር መስነፍ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የካንሰር ወይም የቲቢ ታሪክ ካለ ግን ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ቴክኖሎጂው ራሱም ይሄንኑ እያስተማረን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው ኤፍ ዲ ኤ 0.064 ቴስላ ብቻ የሆነ፣ እየተገፋ አልጋ አጠገብ የሚደርስና ተራ የግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካ የጭንቅላት ኤም አር አይ ፈቅዷል። ምስሉ ከትልቁ ማሽን ጋር አይወዳደርም። ግን ከአልጋው መንቀሳቀስ ለማይችል ሕመምተኛ ለተወሰነ ጥያቄ ይበቃል።

እና ምን እናድርግ?

✅ ሐኪማችሁን «ውጤቱ ሕክምናዬን ይቀይረዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም።
✅ ማዘዣው ላይ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ የት እንደሆነና ምን እንደተጠረጠረ እንዲጻፍ ጠይቁ።
✅ የድሮ ፊልም ወይም ሲዲ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ራዲዮሎጂስቱ ያወዳድረዋል።
✅ ሰውነታችሁ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ።
✅ ማሽኑ ውስጥ አትንቀሳቀሱ። የተንቀሳቀሰን ሰው 3 ቴስላም አያድነውም።

ለሙያ ጓደኞቼም አንድ ቃል፦ ራዲዮሎጂስቱ ታካሚውን አላየውም፣ ያየው የጻፋችሁለትን ወረቀት ነው። አዲስ ማሽን ለማስገባት ዓመታትና ሚሊዮኖች ያስፈልጋሉ። ማዘዣ ላይ ሁለት መስመር ለመጨመር ግን አንድ ደቂቃ ይበቃል፣ ታካሚው የከፈለው ብርም ዋጋ ያገኛል።

ይጠቅማል ካላችሁ ኤም አር አይ ለታዘዘለት ሰው ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!