ሰው የሌለበት ፎቶግራፍ፤ ለአንዲት እናት የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከአዊ፥ ከጥርባ የተጻፈ ነው። ጸሓፊዋ እናት ልጃቸው አዳማ ሄዶ ሥራ ከያዘ ወዲህ ከደመወዙ ቈጥቦ የፎቶግራፍ መሣሪያ መግዛቱን፥ በዕረፍቱም ቀን ከሐዲድ ማዶ ቆሞ የሚያልፈውን የጭነት ባቡር ሲያነሣ መዋሉን ገልጸው፥ «ሰው የሌለበት ፎቶግራፍ ምን ይሠራል? ፉርጎ ማንሣትስ ምን ዐይነት ጨዋታ ነው? አደጋ ያገኘው ይሆን፥ ጥበቃ ይይዘው ይሆን እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በአዊ ምድር ሐዲድ የለምና ነገሩ እንግዳ ቢሆንባቸው አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ እናታችን፥ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ወጣቶች የሚጋልበውን ፈረስ ለማንሣት እንዴት እንደሚጋፉ ሳያዩ ወይም ሳይሰሙ አይቀሩም። የልጅዎም ነገር ከዚያ የራቀ አይደለም። የሚሮጠውን ነገር በአንዲት ቅጽበት ይዞ ማስቀረት ለወጣት ልብ ትልቅ ደስታ ነው።

ደግሞም ያ ባቡር ለጥርባ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ለአገራችን ገበሬ የሚመጣው ማዳበሪያ በጅቡቲ ወደብ ወርዶ ከፊሉ በከባድ መኪና፥ ከፊሉ በባቡር ወደ መሀል አገር ይገባል። በእርሻዎ ላይ የተበተነው ማዳበሪያ ልጅዎ ፎቶግራፉን ባነሣው ፉርጎ ተጭኖ መጥቶ ይሆናል፤ ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊስ ተወላጁ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፥ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬዳዋ ራሷ የዚህ ሐዲድ ልጅ ናት፤ በአዲስ አበባም «ለገሃር» የምንለው ስም ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት ብቻ በነበረው በዚህ መሥመር ላይ በመጀመሪያ በእንፋሎት የሚሄዱት፥ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በናፍጣ የሚሠሩት ሎኮሞቲቮች ተመላለሱ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቀረ።

ከዚያ ረዥም ዘመን በመጻሕፍት ታትመው የምናያቸው ፎቶግራፎች በብዛት ንጉሥ ሲሳፈር፥ የውጭ አገር እንግዳ ሲወርድ፥ ሰንደቅ ዓላማ ሲውለበለብ የሚያሳዩ ናቸው። ባቡሩ የክት ልብሱን ለብሶ ማለት ነው። ቡናና ቆዳ ጭኖ በረሓውን ሲያቋርጥ የኖረውን ፉርጎ ግን ያነሣው ጥቂት ሰው ነው፤ ካነሡትም መካከል ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። በእንግሊዝ አገር የሎኮሞቲቭ ቁጥር እየመዘገቡ በጣቢያ የሚቆሙ ሰዎች ሲሣቅባቸው ኖሯል፤ ዛሬ ግን በዮርክ ከተማ ያለው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም እንደ እነርሱ ያሉ ሰዎች ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ሰብስቦ ይጠብቃል።

ልጅዎ የሚያነሣው አዲሱን ባቡር ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ መሥመር ከሰበታ ተነሥቶ በአዳማ፥ በአዋሽና በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ የሚደርስ፥ ከ750 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው፤ የሐዲዱም ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሆኗል። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅና የፈንታሌ ተራራ ባሉበት፥ ጠዋት ፀሓይ ሳትበረታ፥ ረዥሙ የጭነት ባቡር ሲያልፍ ማንሣት ለማንም የሚያስመኝ ነው። ከኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ እንዲደርስ በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው መሥመርም ከዚሁ ጋራ የሚጋጠመው አዋሽ ላይ ነውና፥ ከሌላ መሥመር የሚመጣ እንግዳ ሎኮሞቲቭ ለማየት የሚጓጓ ሰው ዐይኑን ወደዚያ መጣሉ አይቀርም።

ስለ አደጋው ግን የእናት ፍርሀት ትክክል ነው፤ እዚህ ላይ ልጁን አናባብልለትም። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይዟል። ሳይነኩትም ቀርበውት ብቻ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ በቆመ ፉርጎ ላይ መውጣት፥ ከሽቦው ሥር ዘንግ ወይም ረዥም ብረት ማንሣት ፈጽሞ አይገባም። የኤሌክትሪክ ባቡር ድምፁ እንደ ናፍጣው አይበረታም፤ ነፋስ ካለ ሰውየው ሳይሰማው ሊደርስ ይችላል። ይልቁንም ዐይን በመሣሪያው ቀዳዳ ውስጥ ሳለ ጆሮም ይዘነጋል! እንግዲህ ከሐዲዱ ርቆ ከፍ ባለ መሬት ላይ ይቁም። ወደ ጣቢያ ሲገባ አስቀድሞ ኀላፊውን አግኝቶ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ጥበቃው «አይቻልም» ካለውም ሳይከራከር መሣሪያውን ወደ ማኅደሩ ይመልስ።

የገንዘቡን ነገር ስናስበው፥ መሣሪያው አንድ ጊዜ ከተገዛ በኋላ ወጪው ብዙ አይደለም፤ በመጠጥ ቤት ከሚጠፋው ያንሳል። አዲስ መሣሪያ በየዓመቱ ካማረው ግን ይገሥጹት።

አንድ ነገር እንዲያዝዙት እንለምንዎታለን። ፎቶግራፉ በስልክ ወይም በመሣሪያው ውስጥ ብቻ ከቀረ ዕቃው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና፥ ከየወሩ ሦስት አራቱን መርጦ በወረቀት ያሳትም፤ በጀርባውም ቀኑን፥ ቦታውን፥ የሎኮሞቲቩን ቁጥርና ምን እንደ ጫነ በእርሳስ ይጻፍ። አንድ አንድ ቅጂ ወደ ጥርባ ይላክልዎ። ከዚያ ደግሞ ረዘም ያለ ዕረፍት ባገኘ ጊዜ ወደ ድሬዳዋ ይውረድ፤ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ የቀድሞዎቹ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ቆመዋልና፥ ፈቃድ ጠይቆ፥ ዝገት ቁጥራቸውን ሳያጠፋው አንድ በአንድ ያንሣቸው።