የተውሶ ድምፅ

ባለፈው ቅዳሜ ራያ ውስጥ፣ ሮቢት፣ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት፣ መብራት ስለጠፋ በአንዱ ልጅ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለን «ካርመን ጆንስ»ን አየን። ኦቶ ፕሪሚንገር እ.ኤ.አ. በ1954 ያዘጋጀው፣ ተዋናዮቹ በሙሉ ጥቁሮች የሆኑበት የሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልም ነው። ዶሮቲ ዳንድሪጅ በቀይ ጉርድ ቀሚሷ ብቅ ስትል ሻይ የሚጠጣ አልነበረም። ሃሪ ቤላፎንቴ መዝፈን ሲጀምር ግን የስልኩ ባለቤት ፊቱን አጨማደደና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ድምፅ የሱ አይደለም እኮ» አለኝ።

ጆሮ ይሏል ይሄ ነው! ሁለቱም ዘፋኞች ሆነው ሳለ፣ ዜማው የአቀናባሪው የቢዜ ኦፔራ ነውና የኦፔራ ድምፅ ይፈለጋል ተባለ። ለዳንድሪጅ የ20 ዓመቷ ነጭ ወጣት ማሪሊን ሆርን፣ ለቤላፎንቴ ሌቨርን ኸቸርሰን ዘፈኑላቸው። ዳንድሪጅ በዚሁ ፊልም ለኦስካር ምርጥ መሪ ተዋናይትነት የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በግማሽ ጉሮሮዋ ታጨች ብል ክፉ ያሰኘኝ ይሆን?

እግር ግን ተውሶ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1943 በወጣው «ስቶርሚ ዌዘር» ፊልም ዳንሰኞቹ የኒኮላስ ወንድማማቾች እየተፈራረቁ አንዱ በሌላው ላይ እየዘለሉ ደረጃውን ሲወርዱ ሳሳያቸው፣ ልጆቹ «እነዚህስ ራያ ናቸው!» ብለው ጮኹ።

ቤላፎንቴን እኛ በዕድሜ የገፋነው በሌላም እናውቀዋለን። በ1977 ዓ.ም. ከኛ ወደ ሰሜን፣ ኮረም ላይ የተቀረጸው የረሃብ ዜና ዓለምን ሲያስደነግጥ፣ ሙዚቀኞች ተሰብስበው ለተራበው ይድረሱ የሚለውን ሐሳብ ያነሣው እሱ ነው፤ «ዊ አር ዘ ወርልድ» ከዚያ መጣ። ውለታው አይረሳም። ዜናውን መለስ ብዬ ሳስበው ግን ያው የፊልሙ ነገር ይታየኛል፤ ፊቱ የኛ ሰው፣ ድምፁ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የማይክል በርክ።

ዛሬም ከዚህ ብዙ አልራቅንም። ለሙዚቃ ክሊፕ የሚመጡት የዞብልን ተራራ ከኋላ አድርገው፣ ዱላ የያዙ ጎረምሶቻችንን አሰልፈው ያስጨፍራሉ። ዘፈኑ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀድቶ ያለቀ ስለሆነ ልጆቹ የሚቀራቸው ከንፈር ማንቀሳቀስ ነው። ሠርግ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ዘፈን የሚያወጡት ልጆች ናቸው እኮ!

እናም ለቀረጻ ወደ ራያ የምትመጡ ባለሙያዎች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከካሜራው ጋር ማይክም ይዛችሁ ኑ።